ስለ ጎልማሶች የሮቦትና የፕሮግራም ትምህርት

ትምህርት በልጅነት ብቻ የሚገኝ፣ ልጅነት ካለፈ በኋላ ግን የማይደረስበት ነገር ነው የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ሥር ሰዶ ይገኛል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ደብተር ይዞ ሲታይ ባልንጀሮቹ ይሥቁበታል፤ አርባ ዓመት ያለፈው እንደ ሆነ ደግሞ ሌላው ሳይሥቅበት እርሱ ራሱ አስቀድሞ ያፍራል። ይህ ዕፍረት በማናቸውም ትምህርት ላይ ጉዳት እንዳለው የታወቀ ነው። ዳሩ ግን በዚህ ዘመን ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ሮቦት በሚባለው ራሱን በሚያንቀሳቅስ መሣሪያና፣ መሣሪያው የሚፈጽመውን ትእዛዝ በተራ በተራ ጽፎ በማዘጋጀት ጥበብ፣ ይኸውም በፕሮግራም ትምህርት ላይ ነው። ትምህርቱ የሕፃናት መጫወቻ ወይም የዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ድርሻ ብቻ እየመሰለ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሠራተኛ ከደጅ ቆሞ ይመለሳል።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት አዳማን መመልከት ይበቃል። አዳማ ከባቡር ሐዲዱ ዘመን ጀምራ የመንገደኛና የጭነት ከተማ ናት። በ2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እስከ እርስዋ የሚደርሰው የፍጥነት መንገድ አገልግሎት ጀመረ፤ በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ተመረቀ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከፈተ። መንገድና ጭነት ባለበት ጋራዥ አይጠፋምና፣ በከተማይቱ መካኒኩ፣ በያጁ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብዙ ነው። የእነዚህም ሰዎች ዕውቀት በአብዛኛው በእጅና በጆሮ የተገኘ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ጉድለቱን የሚያውቅ፣ ሽታውን አሽትቶ ፍሪሲዮኑ መቃጠሉን የሚናገር ባለሙያ፣ ይህን ያገኘው ሃያና ሠላሳ ዓመት ከመኪና ሥር ተኝቶ ነው።

እነሆ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በምትካቸውም በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በየመንገዱ መታየት ጀመሩ። አዲሱ መኪና ካንዴላ የለውም፤ ፍሪሲዮን የለውም፤ የሞተር ዘይት አይለወጥለትም፤ ድምፁም እንደ ቀድሞው ጉድለቱን አይናገርም። የታመመበትን ነገር የሚገልጸው በውስጡ ባለው ኮምፒውተር በኩል በቍጥርና በፊደል ምልክት ነው። የሠላሳ ዓመት ባለሙያ በዚህ መኪና ፊት ሲቆም እንደ ጀማሪ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ወይ ተቀምጦ ይማራል፣ ወይም ጋራዡ ጎማ ብቻ የሚነፋበት ቦታ እስኪሆን ድረስ ይጠብቃል። በዚህ አነጋገር ማጋነን ያለ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካና የስኳር ፋብሪካ ጠጋኞችን፣ የውኃ ፓምፕ አዳሾችንም ሄዶ ይጠይቅ፤ ለሁሉም የመጣባቸው ነገር አንድ ነው።

ሮቦት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ብዙ ሰዎች በልባቸው የሚሥሉት ሰው የሚመስል፣ የሚናገርና የሚሥቅ አሻንጉሊት ነው። በ2010 ዓ.ም. ሶፊያ የምትባለው ሮቦት ወደ አዲስ አበባ መጥታ በታየች ጊዜ ይህ ሥዕል እጅግ ተጠናከረ። በሶፊያ ሥራ ላይ የአዲስ አበባው የአይኮግ ላብስ ባለሙያዎች እጃቸውን ማስገባታቸው የሚያስደስት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሮቦት እውነተኛውን ነገር ለመማር የሚሻ የአዳማ ሰው ሩቅ ሳይመለከት ዓይኑን ወደ ከተማይቱ ዳር ወዳሉት ኮረብቶች ያንሣ። በዚያ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በመጀመሪያው ክፍል 34፣ በ2007 ዓ.ም. በተመረቀው በሁለተኛው ክፍል 102 ናቸው፤ የሁሉም ኃይል በአንድነት 204 ሜጋዋት ነው። እያንዳንዱ በራሱ ላይ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ነፋሱ ሲዞር የተጻፈለት ትእዛዝ ሞተሩን ያስነሣና ራሱን ወደ ነፋሱ ያዞረዋል፤ ነፋሱ ከመጠን በላይ ሲበረታም ክንፎቹን ጠምዝዞ ያቆማቸዋል። በዚያ ሌሊት ማንም ሰው ወደ ላይ አይወጣም። መለካት፣ መወሰን፣ መንቀሳቀስ፤ የሮቦት ነገር በሦስቱ ያልቃል። መልክ ቢኖረውም ባይኖረውም ልዩነት የለውም።

ቃሉ ራሱ የመጣው ከቼክ ቋንቋ ነው። ካሬል ቻፔክ የተባለ ደራሲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 በጻፈው የቴአትር ድርሰት ውስጥ ሰዎች ሠርተው ለሥራ ያሰማሯቸውን ፍጥረቶች በዚህ ስም ጠራቸው፤ ሮቦታ ማለትም በዚያ አገር ጭሰኛ ለጌታው ያለ ደመወዝ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ቀድሞ ሁዳድ ይባል የነበረውን የሚያስታውስ ሽማግሌ ቢኖር ትርጕሙን ያለ መዝገበ ቃላት ያገኘዋል።

እንግዲህ ጀማሪው ጎልማሳ በምን ይጀምር? በብዙ አገር የተለመደው መነሻ አርዱዪኖ የምትባለው የእጅ መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ናት። ይህችን ሰሌዳ በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኢጣልያ አገር በኢቭሬያ ከተማ የነበሩ መምህራን የሠሯት የኤሌክትሮኒክስ ሊቅ ላልሆኑ ተማሪዎች በማሰብ ነው። ስሟም የተወሰደው ከአንድ መጠጥ ቤት ሲሆን፣ መጠጥ ቤቱም በፊናው የተሰየመው ከሺህ ዓመት በፊት ኢጣልያን በገዛው በንጉሥ አርዱዪኖ ስም ነበር፤ ንጉሡ ዙፋኑን አጥቶ በገዳም ቢሞትም ስሙ እንዲህ ባለ መንገድ በየተማሪው ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። ኡኖ የተባለችው ዓይነት 14 የቁጥር መግቢያና መውጫ፣ 6 የመለኪያ መግቢያ አላት፤ የምትይዘውም ትእዛዝ 32 ኪሎባይት ብቻ ነው። ዛሬ ሰው በኪሱ ይዞት ከሚዞረው ስልክ ጋር ቢያስተያዩአት ከምንም የማትቆጠር ናት። ለጀማሪ የምትሻለውም ስለዚህ ነው፤ በውስጧ የሚደረገውን ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማወቅ ይቻላልና።

የመጀመሪያው ትምህርት አንዲት ትንሽ አምፖል ማብራትና ማጥፋት ነው። ተማሪው አምፖሏን ከሰሌዳዋ ጋር ያያይዛል፤ ኃይሉ በዝቶ እንዳያቃጥላትም በመካከል የኤሌክትሪክ መግቻ ያገባል። ከዚያም በኮምፒውተር ላይ አብራ፣ አንድ ሺህ ሚሊሰከንድ ጠብቅ፣ አጥፋ፣ ደግሞ ጠብቅ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለስ ብሎ ይጽፋል። ትእዛዙ ወደ ሰሌዳዋ ሲላክ አምፖሏ በየሰከንዱ ትበራለች፤ ትጠፋለች። ላየው ሰው እጅግ ተራ ነገር ነው። በገዛ እጁ ለጻፈው ግን ተራ አይደለም፤ ብረት ቃሉን ሰምቶ ሲታዘዝ ያየበት የመጀመሪያ ቀን ነውና። ይልቁንም አንድ ሺሁን ወደ አንድ መቶ ሲለውጥና አምፖሏ ስትቸኩል ሲያይ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ሌላ ነገር ሲሞክር የሚያድረው ብዙ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው መለካት ነው። በጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ ፊት የሚልክና ከግድግዳ ተመልሶ ሲመጣ የሚቀበል ርካሽ መሣሪያ አለ። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ ድምፁ ደርሶ የተመለሰው በሁለት ሺሕኛ ሰከንድ እንደ ሆነ መንገዱ 68 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ግን መሄጃና መመለሻው ስለ ሆነ ለሁለት ሲካፈል ግድግዳው በ34 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው ማለት ነው። ተማሪው የእንጨት ሜትሩን ዘርግቶ ቢለካ ያንኑ ያገኛል፤ ባያገኝም ስሕተቱ ከእርሱ ወይስ ከመሣሪያው መሆኑን ይመረምራል። ሁለት ትንንሽ ሞተርና ጎማ ሲጨመሩበት ሳጥኑ ሠረገላ ይሆናል፤ ግድግዳው ከ20 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ቀርቦ እንደ ሆነ ዙር ብሎ ቢጽፍለትም ሳይጋጭ በክፍሉ ውስጥ ይዞራል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ኃይል 5 ቮልት ያህል ብቻ ስለ ሆነ ስሕተት የሠራ ሰው አምፖል ያቃጥላል እንጂ ሕይወቱን አያጣም። ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ሲነካ ለኖረ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይህ ዕረፍት ነው።

ጎልማሳ በዚህ ትምህርት ከወጣት ያንሳል የሚሉ ሰዎች በአንድ ነገር እውነት አላቸው፤ አዲስ ቃል ቶሎ አይዝለትም፤ ጣቶቹም በፊደል መምቻው ላይ ይዘገያሉ። በሌላው ሁሉ ግን ተሳስተዋል። ፕሮግራም ማለት ሥራን በተራ አስቀምጦ፣ እንዲህ ቢሆን ይህን፣ እንዲህ ባይሆን ያን አድርግ ብሎ መወሰን ነውና፣ ይህን ነገር ከሃያ ዓመት ወጣት ይልቅ የአርባ ዓመት ሠራተኛ በሕይወቱ ያውቀዋል። የዕቁብ ጸሐፊ ስም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እየሄደ የከፈለውን የሚያመለክት፣ ያልከፈለውን የሚጠይቅ፣ ዝርዝሩ ሲያልቅም ከመጀመሪያው የሚጀምር ነው፤ ከዚህ የተሻለ የድግግሞሽ ትእዛዝ ምሳሌ በመጽሐፍ አይገኝም።

የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰውማ የበለጠ ዕቃ በእጁ አለ። ባሕረ ሐሳብ ከጥንት ጀምሮ በቃል ሲነገር የኖረ ፕሮግራም ነው ቢባል ማመናፈስ አይሆንም። ለምሳሌ የ2018 ዓመተ ምሕረትን ቢወስዱ፣ 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህን በ19 ሲገድፉት 13 ይተርፋል፤ ይኸውም መደብ ነው። ከመደቡ አንድ ሲቀነስ 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩን በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፉት የሚተርፈው 18 መጥቅዕ ነው። ቀጥሎም ደንቡ ይጠይቃል፤ መጥቅዕ ከ14 ቢበልጥ በመስከረም፣ ቢያንስ በጥቅምት ይውላል። 18 ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18 ቀን ተባለ፤ ዕለቱም እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ነውና ከ18 ጋር ሲደመር 25 ይመጣል፤ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ቀን ይገባል፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል። በዚህ ስሌት ውስጥ የፕሮግራም መምህር በመጀመሪያው ወር የሚያስተምረው ነገር ሁሉ አለ፤ የቍጥር መያዣ ስም፣ ትራፊ ማውጣት፣ ቢበልጥና ቢያንስ ብሎ መፍረድ፣ ተውሳክን ከሠንጠረዥ መፈለግ። ደብተራ ይህን በኮምፒውተር ቢጽፈው ሠላሳ መስመር እንኳ አይሞላም፤ ትክክል መሆኑንም በግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቍጠሪያ ማረጋገጥ ይችላል። ፊደል ወይም ሰረዝ ብትጎድል ንባቡ እንዲበላሽ በልጅነቱ በመምህሩ የተማረ ሰውም፣ በአርዱዪኖ ትእዛዝ መጨረሻ ያለችው ነቁጥና ሰረዝ ብትቀር ሥራው ሁሉ እንዲቆም ሲያይ አይደነግጥም።

የቋንቋው ነገር እውነተኛ መሰናክል ነው። የፕሮግራም ቃላት ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ናቸው። ይሁን እንጂ ጀማሪ በመጀመሪያው ወር የሚያስፈልጉት ቃላት እምብዛም ከሃያ የማይበልጡ ስለ ሆኑ፣ የመኪና ዕቃ ስም በኢጣልያንኛ ሲጠራ የኖረ መካኒክ እነዚህንም ይለምዳቸዋል። ከዚህም በላይ ስክራች የተባለው የጀማሪዎች ፕሮግራም፣ በቀለም የተለዩ የትእዛዝ ብሎኮችን እየገጣጠሙ የሚጻፍበት፣ በአማርኛም ተተርጕሞ ይገኛል። ለልጆች ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ጎልማሳ ሁለት ሳምንት ቢቀመጥበት ነውር የለበትም። በአዳማና በአካባቢዋ ግን ማስረዳቱ በአማርኛ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ብዙው ሕዝብ በአፋን ኦሮሞ የሚያስብ ነውና መምህሩ በሁለቱም ቋንቋ ቢችል ተማሪው ግማሽ ድካሙ ይቀርለታል።

መንግሥት በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ማስጀመሩ የታወቀ ነው። ትምህርቱ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሲሆን፣ የፕሮግራም፣ የመረጃ ሳይንስና የአንድሮይድ ስልክ መተግበሪያ መጀመሪያ ትምህርቶች ይገኙበታል፤ ለፈጸመውም የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ዕድሜ ያልከለከለውን ይህን በር መክፈት የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ምስጋናው እውነተኛ እንዲሆን የጎደለውንም መናገር ይገባል። በስልክ ላይ ብቻ የተማረ ሰው ትእዛዝ መጻፍን ያውቃል፤ ትእዛዙ ሞተር ሲያዞር ግን አላየም። መካኒኩና በያጁ የሚገባቸው በእጃቸው የያዙት ነገር ነው፤ ነገሩን ሳይነኩ ብዙ ሰዓት ማያ ገጽ ላይ ቢያፈጡ ሰልችቷቸው ይተዋሉ፤ ወይም ደግሞ፣ ይህ የባሰ ነው፣ ልጃቸው ፈተናውን ይፈትንላቸውና የምስክር ወረቀቱን በግድግዳ ይሰቅሉታል። ወረቀቱ በጋራዥ ደጅ የቆመውን መኪና አያስነሣም።

ስለ ዕፍረቱ አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ የልጅ ልጆቻቸው ከሚሆኑ ተማሪዎች ፊደል ቈጥረዋል፤ ትምህርቱም በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲሰጥ ነበር። ያ ዘመን በሌላው ነገር መራራ ነበር፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ከልጅ መማር ነውር መሆኑ ለጥቂት ዓመታት ቀርቶ ነበር። ዛሬም የሃያ ሁለት ዓመቱ መምህር ተማሪውን ጋሼ ወይም እትዬ እያለ ቢያስተምር፣ ተማሪውም ለመምህሩ የመምህርነቱን ክብር ቢሰጥ ማን ይጎዳል? መምህሩ ራሱ ከእነርሱ የሚማረው ብዙ ነው፤ ብሎን ምን ያህል ሲጠብቅ እንደሚበቃው በትምህርት ቤት ማን አስተማረው?

ለዚህ ሥራ ቦታ በአዳማ የለም ማለት አይቻልም። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከመነሻው የቴክኒክ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ነበር፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ2003 ዓ.ም. ነው። የቴክኒክና የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆችም በአዳማም በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞችም አሉ። ወርክሾፑ አለ፤ ኮምፒውተሩ አለ፤ መምህሩ አለ። የጎደለው ሰዓቱ ነው። ሠራተኛ ከሥራው የሚወጣው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ወርክሾፑም የሚቆለፈው በዚያው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። እንግዲህ ሁለቱ እንዴት ይገናኛሉ? በሳምንት ሁለት ማታ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ደግሞም ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አንድ ክፍል ቢከፈት፣ ለዐሥር ተማሪ አምስት ሰሌዳ ቢቀመጥ፣ ሦስት ወር ለመጀመሪያው ትምህርት ይበቃል። ለጥበቃውና ለመብራቱ የሚወጣውን ወጪ የጋራዥ ባለቤቶችና ፋብሪካዎች ቢካፈሉት ለሠራተኞቻቸው ከሚያወጡት ሁሉ እጅግ የሚያተርፈው ይህ ይሆናል።

የማታው ሰዓት ለወንዱ ቢመች ለሴቲቱ ላይመች ይችላል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ በስፌት መኪና ላይ የሚውሉት ሠራተኞች በብዛት ሴቶች ናቸው፤ መኪናቸው ሲበላሽ ጠጋኙን ቆመው ከመጠበቅ ሌላ ሥልጣን የላቸውም። እርሱን መኪና ቀን ከቀን በእጃቸው የሚዳስሱት እነርሱ ስለ ሆኑ፣ ትምህርቱ በፓርኩ ውስጥ በፈረቃ መካከል ቢሰጣቸው ለመጠገኑ ሥራ ከሁሉ የቀረቡ ናቸው።

በመቂና በባቱ በኩል ሽንኩርትና ቲማቲም በፓምፕ የሚያጠጣው ገበሬም ከዚህ ውጭ አይደለም። አፈሩ መርጠቡን የምትለካ ሁለት ጣት ያላት መሣሪያ ከሰሌዳዋ ጋር ተያይዛ መሬቱ ሲጠግብ ፓምፑን እንድታቆም ማድረግ የሦስት ወር ተማሪ ሥራ ነው። የሚድነው ውኃና የሚድነው ናፍጣ በገበሬው ዓይን ፊት የሚቆጠር ስለ ሆነ፣ ስለ ሮቦት ጥቅም ሌላ ስብከት አያስፈልገውም። ይህችን መሣሪያ ሠርቶ የሚሸጥለት፣ ስትበላሽም የሚጠግንለት ባለሙያ ከአዳማ ወይም ከባቱ ጋራዥ ይወጣ ወይስ ከውጭ አገር ታሽጎ ይምጣ የሚለው ጥያቄ፣ በዚህ ዓመት የወርክሾፖቹን ቁልፍ በያዙት ኃላፊዎች እጅ ላይ ነው።